ኦክስጅን መጨረሻ ይቆጠራል

ሰርቦ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ቲቸር ወልደሰማያት፦

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ እታገኝስ? እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ማትሪክ ከተፈተንኩ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ናችሁ» ሳልል ኖሬ፣ ዛሬ ሲቸግረኝ ብዕር ማንሣቴ ያሳፍረኛል። ይቅር ይበሉኝ።

በሸኩር በኩል «የሰማሁት እውነት ነው ወይ?» ብለው አስጠይቀውኛል። ሸኩር ጨርቅ ሻጭ ስለሆነ ወሬውንም በክንድ እየለካ ነው የሚያቀብለው፤ ከእኔ ይስሙት። እውነት ነው። ወንድሜ ከሊል ታስሯል፤ ሁለት ሴቶችም ሞተዋል።

ከሊል የቡና ማድረቂያ ማሽን ኦፕሬተር ነው። ማሽኑ የሚሞቀው በናፍጣ እሳት ነው። ዘንድሮ ዝናቡ በኅዳርም አልቆም ስላለ ቀንም ሌትም ሲያነዱ ነበር። የማድረቂያው ኃላፊ ጓድ ደሬሳ «ሙቀት ይባክናል፣ የተመደበልን ናፍጣ አይበቃም» ብለው የቤቱን መስኮቶች በሙሉ በጣውላ አስመቷቸው። ከሊል እሳቱ ቢጫ ሆነ፣ ጣሪያው ጥላሸት ለበሰ፣ ራሴንም ያመኛል ብሎ ሁለቴ ነግሯቸዋል። ሁለቴም «ሥራህን ሥራ» ነው ያሉት። ኅዳር 24 ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲወርድ፣ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች እዚያው ማድረቂያው ቤት ገብተው እንዲሠሩ ታዘዙ። ከሊል የናፍጣ በርሜል ሊያመጣ ወጣ። ሲመለስ ከለቃሚዎቹ ሁለቱ፣ ትርፌና ዘይቡ፣ ሰፌዳቸው ላይ ተደፍተዋል፤ ሌሎቹ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ። የሟቾቹ ጉንጭ ቀልቶ ስለነበር የተኙ እንጂ የሞቱ አይመስሉም ነበር ይላል።

ውጭ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ እሱ ተያዘ። «ናፍጣው ላይ መርዝ ጨምሮ ወጣ» ተባለ። ክሱ «አሻጥር» ይላል። ይቺ ቃል ስሙ አጠገብ የተጻፈችበት ሰው ምን እንደሚሆን ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ቲቸር፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ፈተና ላይ «ናፍጣ ሲነድ ምን ይወጣል» ብለው ጠየቁን። እኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ብዬ፣ ከሥሩ «አየር ካነሰ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ» ብዬ ጨመርኩ። በቀይ እርሳስ ሰርዘው ሁለት ማርክ ቀነሱብኝ። «የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ፤ ይሄ ማትሪክ ላይ አይመጣም» አሉኝ። ወረቀቱ አሁንም እጄ ላይ አለ።

ይኸው መጣ። ፍርድ ቤቱ የኬሚስትሪ ባለሙያ በጽሑፍ ያስረዳኝ ሊል ነው፤ ስምዎን ሰጥቻለሁ። ያ መርዝ ከየት እንደመጣ እርስዎ ያውቃሉ።

ተማሪዎ ዙሀራ አብደላ


ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተማሪዬ ለዙሀራ፦

ያንቺንና የእናትሽን የወይዘሮ ከድጃን ጤና አብዝቼ እጠይቃለሁ። እታገኝም ሰላም ብላሻለች። ከሊልን ባላውቀውም እንደ ወንድሜ አዝኛለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከሰርቦ ድረስ መጥተሽ ስላላገኘሽኝ ይቅርታ፤ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ዘንድሮ ስብሰባ በዝቶብናል። ከእንግዲህ ቤት ድረስ መድከም የለብሽም፤ በሸኩር በኩል ይሻላል።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ፦ ልክ ነሽ። ያኔም ልክ ነበርሽ። ናፍጣ የብዙ ነገር ድብልቅ ቢሆንም ለስሌት እንዲመቸን አንዱን፣ አሥራ ሁለት ካርቦንና ሃያ ስድስት ሃይድሮጅን ያለውን እንውሰድ። እንዳስተማርኩሽ በመጀመሪያ ካርቦኑን፣ ቀጥሎ ሃይድሮጅኑን አመጣጥኚ፤ ኦክስጅኑን መጨረሻ ቁጠሪ። አየር ሲበቃው እንዲህ ነው፦

2C₁₂H₂₆ + 37O₂ → 24CO₂ + 26H₂O

አየር ሲያንሰው ደግሞ እንዲህ፦

2C₁₂H₂₆ + 25O₂ → 24CO + 26H₂O

ግራና ቀኙን ቆጥረሽ እዪ፤ ሁለቱም ይመጣጠናሉ። ከመጀመሪያው የሚወጣው እኛም ስንተነፍስ የምናወጣው ነው። ከሁለተኛው የሚወጣው ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። የጉንጫቸው መቅላት ከዚሁ ነው። በእውነተኛ ምድጃ ሁለቱም ተቀላቅለው ይወጣሉ፤ አየሩ ባነሰ ቁጥር ክፉው ይበዛል። ቢጫው እሳትና ጥላሸቱም የአየሩን ማነስ ይመሰክራሉ። በሁለቱ እኩልታዎች መካከል ያለው ልዩነት አሥራ ሁለት ኦክስጅን ነው። መስኮቶቹ ሲዘጉ ውጭ የቀረው እሱ ነው። መርዝ የጨመረ ሰው የለም።

አንቺን ማስተማር ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁንም ስጽፍልሽ ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ።

ይህ ወረቀት ግን ላንቺ እውቀት ያህል ነው። ፊርማ ያላኖርኩበትም ለዚህ ነው። ፍርድ ቤቱ በደብዳቤ ሲጠይቀኝ በወጉ እመልሳለሁ።


ሰርቦ፣ ጥር 17 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለቲቸር ወልደሰማያት፦

ለእርስዎም ለእትዬ እታገኝም ሰላምታዬ ይድረስ። ደብዳቤዎን አንብቤ አለቀስኩ፤ እውቀት እንዲህ የሚያጽናና መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ማንን ልትከሺ አስበሻል?» ብለው በሸኩር አስጠይቀውኛል። ማንንም። ጓድ ደሬሳ ሹመታቸውን ይዘው ዕድሜ ልካቸውን ይቀመጡ። እኔ የምፈልገው ወንድሜን ነው።

እሑድ ስንቅ ሳደርስ እኩልታውን ለከሊል አስተማርኩት። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆመው፤ ስለዚህ በያዝኩለት የስንቅ ቆሎ አሳየሁት። ሽንብራው ካርቦን፣ ሱፉ ሃይድሮጅን፣ ገብሱ ኦክስጅን። ጋቢው ላይ ዘርግቼ ለእያንዳንዱ ሽንብራ ሁለት ሁለት ገብስ ሰጠሁት፤ ቀጥዬ ከእያንዳንዱ ሽንብራ አንድ አንድ ገብስ አነሣሁ። ዘበኛው «ምን ዓይነት ጠንቋይ ናችሁ?» ብሎ ከላያችን ቆመ። ከሊል ወደ ቆሎው ጎንበስ አለና «ያ ረቢ! እኛ'ኮ በጣውላ የመታነው ገብሱን ነው!» አለ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ «ትርፌን እኔ አልገደልኳትማ» ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ስብሰባ ላይ ነበርኩ ብለዋል። ቡናማው ጫማዎ፣ ያ ተረከዙ በጎማ የተጠገነው፣ በራፉ ላይ ነበር። እትዬ እታገኝም «የለም» ሲሉኝ መሬት መሬት ያዩ ነበር። አልተቀየምኩም። ስብሰባ በባዶ እግር መሄድ ተጀምሮ ከሆነም እኔ ገጠር ስላለሁ አልሰማሁም።

የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ወጥቷል። ቀጠሮው መጋቢት 12 ነው። እናቴ ዱዓ እያደረገችልዎት ነው፤ በስምዎ፣ በየሶላቱ።

ዙሀራ


ጅማ፣ የካቲት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለዙሀራ አብደላ፦

ለጤናሽ እንደምን አለሽ። የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ቃል በቃል «ናፍጣ በሙሉ ሲነድ ምን ምን ይወጣል?» ይላል። በጽሑፍ መልሻለሁ። በሸኩር በኩል «ምን ብለው መለሱ?» ያልሽኝን ግን አልነግርሽም፤ ቀኑ ሲደርስ ይነበባል።

ስለ ጫማው ያልሽው ልክ ነው። ቤት ነበርኩ፤ እንግዳ ነበረኝ። ማን እንደሆነ አልጽፍም፤ አንቺም አትገምቺ። ሰውዬው ጨዋ ነው። ልጆቼን በየስማቸው ጠራቸው። ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ሳልነግረው ያውቃል። በ1970 ሰባት ወር ታስሬ የነበረውንም እያዘነልኝ አነሣው። «አሁን ተመስገን፣ ያ ሁሉ አልፏል፤ ፋይሉ ብቻ ነው ያልተዘጋው» አለኝ። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ። ሰባት ወር ምን ያህል እንደሆነ እኔና እታገኝ ነን የምናውቀው። እሱ ከመጣ ወዲህ እታገኝ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች።

እናትሽ በስሜ ዱዓ ባታደርግ ደስ ይለኛል።

ያን ፊርማ የሌለውን ወረቀት አቃጥዪው።

ኢትዮጵያ ትቅደም!
ወልደሰማያት


ሰርቦ፣ መጋቢት 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ቲቸር፦

ዛሬ ሰላምታ አይወጣልኝም።

ጽሑፍዎ ተነበበ። በታይፕ የተመታ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ የሚያምር። «ናፍጣ በሙሉ ሲነድ የሚወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ብቻ ናቸው። እኩልታው የተመጣጠነ ነው።» ከሥሩም ሠላሳ ሰባቱ ኦክስጅን አንድ ሳይጎድል ተደርድሯል። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ከሊልን አዩትና «እንግዲህ ናፍጣ የሚያወጣው ትንፋሽና ውሃ ከሆነ፣ ሴቶቹን የገደላቸው ምንድን ነው? ምን ጨመርክበት?» ብለው ጠየቁት።

ከሊል ተነሣ። ስለ ሽንብራና ስለ ገብስ ማስረዳት ጀመረ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ጓድ ደሬሳ ብቻ አልሳቁም፤ እሳቸው ጽሑፉን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወረቀቱን አላቃጠልኩትም። ያን ቀን ደረቴ ውስጥ ነበር። ጽሕፈቱ የእርስዎ መሆኑን ጅማ ውስጥ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ላወጣው ብድግ አልኩ። ዳኛው «ምን ፈለግሽ?» አሉኝ። በራፉ ላይ መሬት መሬት ያዩት እትዬ እታገኝ ትዝ አሉኝ። «ምንም» ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው እንዲያመሰግኑኝ አይደለም። እኔም ዝም ብያለሁና የዝምታውን ዋጋ ስለማውቀው ነው።

የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ሲወስዱት ጠጋ ብዬ «አይዞህ» አልኩት። ከሊል ምን አለኝ መሰለዎት? «ዙሁ፣ ማል ጎዳ፣ ምን ላድርግ እንግዲህ? ቲቸር አይዋሽም። ምናልባት ሳላውቅ በእጄ አንድ ነገር ነክቼ ይሆናል።» በዚያ ቆሎ ያወጣሁለትን ጸጸት በማኅተም መልሰው አስገቡበት።

ዙሀራ


ጅማ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ዙሀራ፦

«ዋሽተዋል» ማለትሽ ነው። አንድም አተም አልዋሸሁም። የጻፍኩትን የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ውሰጂው፣ ልክ ነው ይሉሻል። «በሙሉ» የምትለዋን ቃል የመረጥኳት እኔ አይደለሁም። በሙሉ ሲነድ ብለው ጠየቁኝ፤ በሙሉ ሲነድ የሚወጣውን መለስኩ። ለሃያ ዓመት ተማሪዎቼን ሳስተምር የኖርኩትም ይህንኑ ነው፤ የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ልቀደው ብዬ ተውኩት። በአፌ የማልናገረው ስለሆነ እንዲሁ ይድረስሽ። ፈሪ ነኝ። ፍርሃቱን እዚያ ሰባት ወር ውስጥ አስተምረውኛል፤ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

ወረቀቱን ሳታወጪ መቅረትሽን ለእታገኝ ነገርኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ገበታ አትቀርብም።

ወልደሰማያት


ሰርቦ፣ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም.

ቲቸር፦

በሸኩር በኩል ስንት ተፈረደበት ብለው ለጠየቁት፣ አሥራ አምስት ዓመት። ሚያዝያ 28 ቀን ነው የተፈረደው። እናቴ ቁጥሩን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ሲፈታ ስንት ዓመት እንደሚሆነው በጣቷ ቆጠረች። የእሷን ዕድሜ ግን አልቆጠረችም።

ጓድ ደሬሳ ኮታቸውን ስላሟሉ ተሸልመዋል። ከሁሉ የሚገርመውን ልንገርዎት? እዚያ የምትለቅም ጠይባ የምትባል ሴት እንደነገረችኝ የማድረቂያው ጣውላ ተነቅሏል። በመጋቢት፣ ጽሑፍዎ በተነበበ ሳምንት፣ መስኮቶቹ በሙሉ ተከፍተዋል። ማንም ምንም ሳይል። ከእርስዎ ጽሑፍ በኋላ አየር የሚያስፈልጋቸው ለምን ይሆን?

አሁን የምጽፈው ግን ለመውቀስ አይደለም። ይግባኝ ሠላሳ ቀን አለው፤ እስከ ግንቦት 28። ለይግባኙ የያዝነው ጠበቃ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛዋን እኩልታ፣ ከእርስዎ ፊርማ ጋር። ጓድ ደሬሳን አያንሡ፤ መስኮቱንም እኛ እንናገራለን። «አየር ሲያንስ» ብለው አንዲት መስመር ይጻፉ። የቀድሞውን አያፈርስም፤ ይቀጠልበታል ብሏል።

ሀዋን ያስታውሷታል? እናቷ ስትወልድ አንድ ቀን ያረፈደችውን። የቤት ሥራዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልክ ነበር። እርስዎ ግን «ልክም ቢሆን፣ ዘግይቶ የመጣ ወረቀት ዜሮ ነው» ብለው ሰጧት። እያለቀሰች ተቀበለችዎት። እኛ ሁላችን ፈራንዎት፤ ግን ከዚያ በኋላ ማናችንም አላረፈድንም።

ግንቦት 28 ነው ቲቸር። እለምንዎታለሁ። እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ።

ዙሀራ


ጅማ፣ ሰኔ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙሀራ፦

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት ገጽ ተያይዟል። ሁለቱም እኩልታዎች አሉበት። ስለ ቢጫው እሳት፣ ስለ ጥላሸቱ፣ ስለ ጉንጫቸው መቅላት፣ መስኮት ስለመዘጋቱም ጽፌያለሁ። የቀድሞው ጽሑፌ ጥያቄውን እንጂ ነገሩን የማይመልስ መሆኑን አምኛለሁ። በእያንዳንዱ ገጽ ፈርሜያለሁ፤ ሙሉ ስሜ ከነአባቴና ከነአያቴ ተጽፏል።

ለምን እስካሁን ቆየህ ትዪኛለሽ። ግንቦት 10 ጻፍኩት፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ግንቦት 20 አወጣሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት። 28 ባለፈ ማግስት እታገኝ መሳቢያውን ከፍታ አገኘችው። አነበበችው። «ይህን አውቀህ ነው ስትተኛ የከረምከው?» አለችኝ፤ በሁለት ወር ውስጥ የተናገረችኝ ረጅሙ ነገር ነው። ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። ሰዎቹ ሊመጡብኝ ይችላሉ፤ ቤቱ ባዶ ስለሆነ አሁን የሚያስፈራኝ ነገር ብዙም የለም።

ጥቂት ቀን ስላለፈው ግድ የለም ብለው እንዲቀበሉሽ ደህና አድርገሽ ንገሪያቸው። ከምክንያቱ ጋር ሲቀርብ ይቀበላሉ ይባላል። ምክንያቱ እኔ ነኝ በያቸው።

አስተማሪሽ ወልደሰማያት


ሰርቦ፣ ሰኔ 13 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለቲቸር ወልደሰማያት፦

እንደምን ሰነበቱ? የእትዬ እታገኝን መሄድ ሰምቼ አዘንኩ። እንዲህ እንዲሆን አልተመኘሁልዎትም።

ተቀበሉሽ ወይ ብለው ትናንት ሸኩርን ልከውብኛል። ልንገርዎት። ሦስቱ ገጽ ሰኔ 4 ደረሰኝ፤ በማግስቱ ይዤ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ሽማግሌ ናቸው፤ ደግ ሰው። ወንበር ሰጡኝ። ሦስቱንም ገጽ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ አነበቡ። ምክንያቱ እርስዎ መሆንዎንም ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አጥፈው ወደ እኔ ገፉትና «ልጄ፣ ይሄ ልክ ይመስለኛል። ግን ሰባት ቀን አሳልፈሻል። ልክም ቢሆን ዘግይቶ የመጣ ወረቀት አልቀበልም» አሉኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሉት። የእርስዎ ተማሪ ነበሩ ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፤ በዕድሜ ግን ይበልጡዎታል።

ጠበቃው እስከ ላይ ድረስ አቤት እንላለን ይላል። ይበል። እናቴ አሁንም በስምዎ ዱዓ ታደርጋለች፤ ተይ ብላት እምቢ አለችኝ።

እሑድ ሦስቱን ገጽ ለከሊል አነበብኩለት። ፊርማዎን አሳየሁት። ደጋግሞ በጣቱ ዳሰሰው። «እኔ አይደለሁም ማለት ነው» አለ። አዎ፣ አንተ አይደለህም አልኩት። «እንግዲያው አሥራ አምስቱን ዓመት ተኝቼ አሳልፈዋለሁ» አለኝ። ይህን ያህል አድርገውለታልና እርስዎንም አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው።

ሦስቱን ገጽ መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ ለእኛ ከእንግዲህ አይሠሩም። ያን ሁለት ማርክ የቀነሱብኝን ወረቀትም አያይዤዋለሁ፤ አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ይዩዋቸው። ገጾቹን እንደ ደንቡ በቀይ እርሳስ አርሜያቸዋለሁ። ካርቦኑ ልክ ነው። ሃይድሮጅኑም ልክ ነው። አየሩን፣ እንዳስተማሩን፣ መጨረሻ ቆጥረውታል።

ዜሮ ከአሥር።

ዙሀራ አብደላ